እስኪያድግ አትንኩት

ይህን የምጽፍላችሁ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በሩን ከፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ... ወንበሬን ሳልደገፍ።

የማወራው የሰማሁትን አይደለም። ሰው የላከልኝም አይደለም። እኔው ያደረግኩት ነው... ወይም ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግኩት። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ራሴን ትንሽ ደህና ሰው አድርጌ እጽፈው ነበር።

ነቢል እባላለሁ። ያደግኩት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ነው። አባቴ እዚያው ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ስራህ ምንድነው ስባል "ተማሪ ነኝ" ብዬ አልፋለሁ። "ሸረሪት ላይ የሚጣበቁ እጮችን እለያለሁ" ስል ሰው ወይ ይስቃል ወይ ወንበሩን ያርቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አንዲት ቀጭን ተርብ አለች። ሸረሪቷን ትወጋትና ለአፍታ ታደነዝዛታለች። ጀርባዋ ላይ እንቁላል ለጥፋ ትሄዳለች። ሸረሪቷ ትነቃለች፣ ድሯን ትሰራለች፣ ዝንብ ይዛ ትበላለች... እንደ ወትሮዋ። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ግን እዚያው ጀርባዋ ላይ ተቀምጦ ይመጥጣታል። ነጭ ነው። መጀመሪያ ላይ የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክልም።

መጨረሻ ላይ ሸረሪቷ የማታውቀውን ስራ ትጀምራለች። የራሷን ድር ታፈርሳለች። በምትኩ አራት አምስት ጠንካራ ክር ብቻ ትዘረጋለች። ዝንብ አይዝላትም፣ ለእሷ ምንም አይረባትም። ለእጩ የምትሰራለት መንጠልጠያ ነው። ስትጨርስ እሱም እሷን ይጨርሳታል። ከዚያ ከረጢት ሰርቶ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል።

በአስረኛው ቀን ከረጢቱ ከታች በኩል ክብ ሆኖ ይበሳል። ተርቧ ወጣች ማለት ነው።

አስረኛውን ቀን ያዙልኝ።

ሌላም ነገር አለ። እጩን ብቻ አይቶ የየትኛዋ ተርብ ልጅ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ለስላሳ ነው። ስሙን ለማወቅ እስኪያድግ መጠበቅ ግዴታ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኩባያዎቼ ላይ በትልቁ "አትንኩት" ብዬ የለጠፍኩት ለዚህ ነው። እጩን ቢያነሱላት ሸረሪቷ ትድናለች። እኔ ግን ስሙን አላገኝም።

ካቻምና እጭ ብቻ አይቼ ስም ሰጠሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት። ተርቧ ስትወጣ ሌላ ሆና ተገኘች። አማካሪዬ ዶክተር ዘአማኑኤል ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

"ሁለተኛ እጭ ይዘህ እንዳትመጣብኝ። ተርቡን አምጣ።"

እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ሳያድግ አፌን ላልከፍት ያኔ ለራሴ ማልኩ። ትንሽ እፍረት ነበረች እኮ። ከእሷ ስሸሽ ነው ትልቋ ላይ የወደቅኩት።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ...

ቃሊቲ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ በባጃጅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ የጆንያ መጋዘን አለ። ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ስለሚካሰሱ ስራ ካቆመ ቆይቷል። ያለው ሰው አንድ ጠባቂ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ኦልጅራ። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። መጋዘኑ ያረፈበት መሬት ድሮ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን ዱላ ይዘው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሲናገሩት አይመርራቸውም ነበር።

"ሸረሪት ፍለጋ ነው የመጣኸው?" አሉኝ፣ ኩባያ ይዤ ድሩን ስቃኝ አይተው።

"አዎ ጋሼ።"

"ግባ ኢልመ ኮ። የፈለግከውን ያህል ውሰድ። በሸረሪት የሚከስህ የለም።"

ኢልመ ኮ... ልጄ ማለታቸው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነበር።

በአንድ ከሰዓት እጭ የተሸከሙ አስራ ሁለት ሸረሪቶች አገኘሁ። ዓመት ሙሉ ተፈልጎ የማይገኝ ነው። አጉሊ መነጽሩን ሰጥቼ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይሄ ነጩ እየበላት ነው?"

"አዎ።"

"እሷ ታውቃለች?"

"የምታውቅ አትመስልም።"

"አንተ ግን ታውቃለህ።"

ኩባያውን ከደንኩ።

"ታዲያ ለምን አታነሳላትም?"

"ካነሳሁት ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጋሼ። እስኪያድግ መጠበቅ አለብኝ።"

ፊቴን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አስራ ሁለተኛዋ ሸረሪት ከትንሹ በር በላይ ነበረች። "ይህቺን አልሰጥህም" አሉ። "ክረምቱን አብረን ነው ያሳለፍነው።" ከኪሳቸው የክብሪት እንጨት አወጡ። በእግራቸው ጣት ቆመው፣ ቀና ብለው፣ እጩን ከጀርባዋ ላይ ፈንቅለው ጣሉት።

እሳቸው ላይ ነው የወደቀው። አየሁት... ወደ ኮሌታቸው።

መሬቱን ፈለግኩ፣ የለም። ኮታቸውን አራገፍኩ፣ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። አስራ ሁለተኛውን አጠፉብኝ ብዬ።

"ተወው፣ ወድቆ ሞቷል" አሉኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስመለስ ጋሽ ኦልጅራ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

ማጅራታቸው ላይ፣ ከፀጉራቸው ዝቅ ብሎ... ነጭ ነገር።

"ጋሼ፣ አንገትዎ ላይ ያምዎታል?"

"ምኑ?"

"ምንም አይሰማዎትም?"

"ምኑ ነው የሚሰማኝ?"

ጠጋ ብዬ አየሁት። ብጉር ነው አልኩ። ሰው ላይ አይሆንም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሸረሪት እንጂ ሰው አይዝም።

ግን ብጉር አይተነፍስም። ይሄ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ኪሴ ውስጥ ወረንጦ ነበር። አንድ ጊዜ ቆንጥጦ መሳብ ነው... በቃ።

ያወጣሁት ግን ስልኬን ነው። ፎቶ አነሳሁት። ማስመሪያዬን አጠገቡ ይዤ ለካሁት። አራት ሚሊ ሜትር።

"ምንድነው?" አሉ፣ እንዳጎነበሱ።

"ምንም አይደለም ጋሼ።"

ማታ ደብተሬ ላይ ከአስራ አንዱ ሸረሪቶች ቀጥዬ አስራ ሁለት ቁጥርን ጻፍኩ። እጩን የተሸከመው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እሱን ባዶ ተውኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሆኗል። ያን ቀን ልጃቸው አደሴ ምሳ ይዛ ከአቃቂ መጥታ ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያላት አባቷ ብቻ ነው። ስወጣ በሩ ጋ ጠበቀችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ነቢል... አባዬ የሁለት ሰው ምግብ እየበላ ነው።"

"ጥሩ ነዋ።"

"ሱሪው ግን ከወገቡ እየወረደ ነው። አንገቱ ላይ ያለውን አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ሰኞ ጤና ጣቢያ ልወስደው ነበር። እምቢ አለ። ነቢል ይየው፣ የሱ ትምህርት ነው አለኝ።"

አየችኝ። ከኔ መልስ በቀር ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም።

"ምንድነው እሱ?"

አንድ ቃል ብተነፍስ አባቷ ዛሬ በህይወት ይኖሩ ነበር። "ውሰጃቸው" ብል ይበቃ ነበር። ምን እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

"ምንም አይደለም" አልኳት። "አትንኩት። ራሱ ይጠፋል።"

እፎይ አለች። "አንተን ባናገኝ ምን እንሆን ነበር" ብላ የምሳ ዕቃውን ከፈተችና በእጇ አጎረሰችኝ።

ጉርሻዋን ዋጥኩት።

ለምን እንደዋሸኋት እንድትጠይቁኝ አልፈልግም፣ ራሴው ልንገራችሁ። ስሙን ፈልጌ ነው። እስኪያድግ ላየው ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላጣም ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል።

በአራተኛው ሳምንት ጋሽ ኦልጅራ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አልነበሩም። መጋዘኑ መሀል፣ ጨለም ያለው ቦታ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። የአሮጌ ጆንያ ስፌት እየፈቱ ሲባጎውን ይጠቀልላሉ። ድብልብሉ የሰው ጭንቅላት አክሏል።

"ምን እየሰሩ ነው ጋሼ?"

"እጄ ነው።"

"እጅዎ ምን ሆነ?"

"ስራ ፈለገ።"

ሳቁ። ሳቃቸው የድሮው ነው። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ወደ ላይ፣ በምሶሶዎቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ ይለኩ ነበር።

የሚተኙበትን ጥግ አየሁ። ፍራሹ ተተርትሯል። ብርድ ልብሱ ተቆራርጧል። አልጋው ተፈታቷል።

"የት ነው የሚተኙት?"

"ለኔ ምን ያደርግልኛል" አሉ።

ይህን ስራ አውቀዋለሁ። ቤተ ሙከራዬ፣ አስራ አንድ ኩባያ ውስጥ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ የበለጠ የማፍርበትን ልንገራችሁ። በዚያ ሳምንት ከኩባያዎቹ ተርቦች ወጥተዋል። ስማቸውን ለይቻለሁ፣ አልተሳሳትኩም። ዶክተር ዘአማኑኤል ደውለው "ጎበዝ" ብለውኛል። ስራዬ አልቋል። አስራ ሁለተኛው ለጥናቴ አያስፈልግም ነበር። የፈለግኩት እኔ ነኝ።

ወረንጦዬን አወጣሁ። የእውነቴን ነው፣ አወጣሁት። ከኋላቸው ሄጄ ኮሌታቸውን ዝቅ አደረግኩ። አውራ ጣት አክሏል።

ቀስ ብለው እጄን ያዙና ኮሌታቸውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

"ይበርደዋል" አሉኝ።

ከዚያ በሹክሹክታ... "ኢልመ ኮ፣ ደርሷል?"

"ምኑ ጋሼ?"

"እኔ እንጃ። አፌ ነው ያለው።"

ወረንጦውን ወደ ኪሴ መለስኩ። "እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት" አልኩ ለራሴ። ታክሲ ውስጥም እሱን ደጋግሜ እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አደሴ ደወለች።

"አባዬ ስልክ አያነሳም። በር ላይ ነኝ። አይከፍትም።"

የትንሹ በር ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ሄጄ ከፈትኩላትና አብረን ገባን። በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን ይገባል።

አምስት ገመድ። ሲባጎው አንድ ላይ ተፈትሎ ወፍራም ተደርጓል። ከምሶሶ ምሶሶ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተወጥሯል። አምስት ብቻ።

ጋሽ ኦልጅራ ከስሩ ምሶሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አደሴ ሮጣ አቀፈቻቸው። ብቻዋን አነሳቻቸው... ባዶ ጆንያ የምታነሳ ይመስል። ክብደታቸውን ስታውቅ ነው የጮኸችው።

እኔ ወደ ላይ አየሁ።

ገመዶቹ በሚገናኙበት ቦታ ከብርድ ልብስ የተሰፋ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ክንድ ያህል ይረዝማል። መጋዘኑ ውስጥ መሰላል የለም። ስፌቱ ደግሞ ከውስጥ በኩል ነው።

"ሰው ጥራ" አለችኝ አደሴ። "ነቢል፣ ሰው ጥራ።"

ሰው ጠራሁ። ስለላይኛው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሬሳ ለማንሳት የመጡትም አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። አደሴ ለመጣው ሁሉ "ይሄ ልጅ ነው አባዬን እንደ ልጁ ሲጠይቀው የነበረ" ትላለች። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። በልቤ ግን እቆጥር ነበር። ሁለት... ሦስት...

በአስረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ክብሪትና ጋዝ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። የያዝኩት የናሙና ብልቃጥ ነበር። ካገኘሁት ትልቁ።

ገባሁ። ፀጥ ብሏል። ከረጢቱ እዚያው ነው። ከታች በኩል ተበስቷል። ክብ ነው፣ ቡጢ ያስገባል፣ ጠርዙ ጥርት ያለ።

ከስሩ ቆሜ የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ። ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ማጅራቴ ላይ አንድ ቀላል ነገር አረፈ... ተነሳ። ላብ መስሎኝ በእጄ ጠረግኩት። እጄ ግን አልረጠበም።

ስልኬን አየሁ። አስር ሰዓት ከሩብ ይላል። እኔ እዚያ የቆምኩት አንድ ደቂቃ መስሎኝ ነበር።

ስወጣ ከበሩ በላይ ያለችውን ሸረሪት አየኋት። እሳቸው ያዳኗት። ወፍራለች። ድሯም ሙሉ ነው፣ የሸረሪት ድር ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማውራት አልፈልግም። ፀፀት ሰውን ምግብ ይከለክላል ይባላል፣ እኔን አልከለከለኝም። እናቴ ሁለት ሦስቴ ትጨምርልኛለች። ቀበቶዬን ግን ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ።

አርባቸው በወጣ ማግስት ወደ አደሴ ቤት ሄድኩ። ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከአቃቂ ወንዝ ዳር ድንጋይ አነሳሁ። ግቢዋ በር ላይ ማጅራቴ ላይ ጭኜ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ድንጋዩን ካነሳችልኝ ይቅር አለችኝ ማለት ነው። ካላነሳችው ተሸክሜው እመለሳለሁ።

"ነቢል፣ ምንድነው ይሄ?"

መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶውን። ደብተሩን። "አትንኩት" ያልኳት ለምን እንደሆነ። ከላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን። አስረኛውን ቀን። የምታየኝ በምን ፊት እንደሆነ አላይም፣ የሚታየኝ የላስቲክ ጫማዋ ብቻ ነው። አንዴም አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ የላስቲክ ጫማዋ ወደ እኔ ቀረበ።

ከዚያ ክብደቱ ከአንገቴ ላይ ተነሳ።

እንባዬ መጣ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ነገር ግን ድንጋዩ መሬት ሲያርፍ አልሰማሁም። እንደያዘችው ነው።

"አደሴ... ይቅር አልሽኝ?"

"ቀና አትበል" አለች በሹክሹክታ።

በአንድ ጣቷ ኮሌታዬን ዝቅ አደረገችው። ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ጣቷ የነካኝ ይመስለኛል... ያ ቦታ ግን ምንም አይሰማኝም።

"ምንድነው?" አልኳት።

ዝም።

"አደሴ፣ ምንድነው?"

"ምንም አይደለም" አለችኝ። "አትንካው። ራሱ ይጠፋል።"

ይህ ከሆነ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።

አያመኝም። ልነካው እጄን ሳነሳ ትከሻዬ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ፎቶ ለማንሳት ሞከርኩ፣ ኮሌታዬን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም። ለካ ይበርደዋል። እናቴ ዛሬ ጠዋት ፍራሹን ለምን እንደተረተርኩት ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እጄ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ድብልብል ሲባጎ አለ። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም።

አደሴ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። የአባቷን ምሳ ዕቃ ይዛ። እስክጨርስ በሩ ላይ በርጩማ ተቀምጣ ታየኛለች። አትሰድበኝም፣ አታወራኝም። እስኪያድግ እየጠበቀች ይሁን አይሁን አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔም "አንሽልኝ" ማለት ይከብደኛል። በምን አፌ እላለሁ?

አሁንም መጥታለች። ይህን ስጽፍ እያየችኝ ነው።

ዛሬ ከምሳ ዕቃው ሌላ አንድ ነገር ይዛለች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታገላብጠዋለች።

ክብሪት ነው።

ከፈተችው። አንድ እንጨት አወጣች... አልጫረችውም። አባቷ ለሸረሪቷ እንደያዙት በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ማጅራቴን እያየች ተቀምጣለች።